ጀርባ የተሰጠው ቀይ ገደል

ቨርና፣

ዩታ ደርሰናል። ዴልማር ውስጡ የምናድርበትን፣ ቤት የሚያክል መኪናችንን የኋሊት ካምፑ ውስጥ ወደተሰጠን ቦታ ሲያስገባ፣ እኔ ከኋላ ቆሜ "ና፣ ና፣ ቁም" እላለሁ። እንደተለመደው የካምፑ ሰው ሁሉ ወንበሩን አዙሮ፣ ለቀዩ ገደል ጀርባውን ሰጥቶ እኛን ያያል። ነብራስካ ስንጋባ እንኳ ይህን ያህል ሰው አልመጣም።

"ቁም አላልኩህም?" አልኩት፣ ዛፉን ከገጨ በኋላ።

"አርባ ዓመት ሙሉ ቁም እያልሽኝ የቱን ልስማ?" አለኝ።

አንድ ሽማግሌ አጨበጨበ።

በዘጠነኛው ሙከራ ገባን። እንደተኳረፍን ሌላ ባልና ሚስት መኪናቸውን ይዘው መጡ። ዴልማር ወዲያው ሁለት ወንበር አውጥቶ ጀርባቸውን ወደ ገደሉ አዞራቸው። "ነይ፣ ሳይጀምሩ ተቀመጪ" አለኝ። ታረቅን።

የፖስት ካርዱ ቦታ ጠበበኝ። እናትሽን ሳሚልኝ። የገደሉ ፎቶ ካርዱ ፊት ላይ አለልሽ፤ እኔም ገደሉን ያየሁት እዚያው ላይ ነው።

ሎርና