ከሳጥኑ አፍ በላይ

ለምትናፍቂኝ እናቴ፣

እንደምን ከረምሽልኝ እማ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ዳገቱን ስትወጪ አሁንም "እህ" ትያለሽ ወይስ ሰው እንዳይሰማሽ ዋጥ አድርገሽው ታልፊያለሽ? ዓይንሽስ? መርፌ ላይ ክር ማስገባቱን ለእህቴ ለቀቅሽላት ወይስ ዛሬም ከክሩ ጋር ትጣያለሽ? አባዬን ይዞት የነበረው የወገብ ሕመም ተወው? አህያችንስ፣ ድልድዩ ላይ ስትደርስ አልሄድም ማለቷን ቀጥላለች? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ፊትሽ ወዝ አወጣ ይሉኛል። የጎደልሽብኝ አንቺ ብቻ ነሽ፤ ይህን ብደብቅሽም ስለምታውቂው አልደብቅሽም።

በስልክ እየተገናኘን ደብዳቤ ምን አመጣው ትይ ይሆናል። አሁን የምጽፍልሽን ነገር በስልክ ሁለት ጊዜ ጀምሬልሽ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ ግማሹን ሳልናገር ተቆጣሽና "በይ ካርድሽን አትጨርሺ" ብለሽ ዘጋሽብኝ። ደብዳቤን ይቆጡታል እንጂ አይዘጉበትም። ብትወረውሪው እንኳ እህቴ አንስታ ታነብልሻለች። ስለዚህ እስከ መጨረሻው ታገሺኝ፣ ከዚያ በኋላ የፈለግሽውን ስደቢኝ። የሚያደርስልሽ የጭነት መኪናችን ሹፌር ነው፤ ባዶ ሳጥኖቹን ይዞ ወደ እናንተ ሲመለስ ይሰጥሻል። እዚህ ጥሩምባ ነው የምንለው፣ መንገድ ላይ ዶሮ ባየ ቁጥር ስለሚነፋ። እንዳትነግሪው።

ሥራዬን በቅጡ ነግሬሽ አላውቅም። መጋዘኑ ረጅም ነው፣ ጣራው ቆርቆሮ፣ በስተኋላው ማቀዝቀዣ ክፍል አለው። የእኔ ቦታ በሩ አጠገብ ነው። መኪና ሲመጣ ሳጥኖቹ ይወርዱና ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ይገለበጣሉ። እኛ ሴቶቹ ግራና ቀኝ ቆመን እንለያለን፤ ደህናው ወደ ማቀዝቀዣው ይገባል፣ የለሰለሰው ሳልሳ ለሚሠሩት ይሰጣል፣ የፈረጠው በርሜል ውስጥ ይጣላል። እጄ ቲማቲም ቲማቲም ይሸታል፤ ሳሙናው ታግሎ ታግሎ ተሸንፏል። ፈቃድ ስጠይቅ ምርቱ ይለቅና ትሄጃለሽ ይሉኛል። ምርት ደግሞ የአንዱ ሲያልቅ የሌላው ይጀምራል፤ እንዲህ እያለ ይኸው ዓመት ሄደ።

በገባሁ ሰሞን አንድ ቀን ከሚወርዱት ሳጥኖች መካከል እጀታው ላይ አረንጓዴ ብጣሽ የታሰረበት አየሁ። ደነገጥኩ። ያ ቀሚስሽ ነው፤ ትንሽ ልጅ ሆኜ ጫፉን ይዤ ገበያ የምከተልሽ ቀሚስ። ሳጥንሽ ከሰው ሳጥን እንዳይቀላቀል ቀደሽ አስረሽበታል። ሳጥኑን አቀፍኩት ብልሽ ትስቂያለሽ፣ ግን አቀፍኩት። ቲማቲሙን ገልብጬ ከሥሩ ያነጠፍሽውን ደረቅ ሣር አሸተትኩት፤ የእኛው መስክ ሣር ነው። የሚያዩኝ ሴቶች ይቺ ልጅ ዛሬ ምን ነካት ተባባሉ። ከዚያ ወዲህ መኪናው ከእናንተ የሚመጣበትን ቀን የምጠብቀው ልብሴን አጥቤ ነው። አንቺ ትሞያለሽ፣ እኔ እገለብጣለሁ። የነካሽውን ሁሉ እነካለሁ። አንዳንዴ ሳጥኑ ጎን ላይ የጭቃ እጅሽ ያረፈበትን አገኝና እጄን ልክ እዚያው ላይ አስቀምጣለሁ። ናፍቆት ሰውን እንዲህ ጅል ያደርጋል።

አሁን ወደ ነገሩ ልምጣ። እማ፣ ቲማቲማችሁ አልደረሰም። ይመጣል፣ ግን አይደርስም። ከእናንተ ሰፈር የመጣ ሳጥን ሲገለበጥ ላይ ላዩ ያምራል፣ ታችኛው ግን ውሃ ሆኗል። ጠረጴዛው ላይ የሚፈሰው ቲማቲም ብቻ አይደለም፤ አባዬ በጀርባው ከወንዝ እያወጣ ያጠጣው ውሃ ነው፣ ጎንበስ ቀና ያልሽበት ወገብሽ ነው፣ ጥሩምባ ያን ሁሉ አገር አቋርጦ ያቃጠለው ነዳጅ ነው። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነናል። በርሜሉን ወደ ጓሮ ስገፋ ወደ ውስጡ ላለማየት ፊቴን አዞራለሁ።

አለቃችን ክፉ ሰው አይደለም፣ ግን ታግሦ ታግሦ አሁን መረረው። ለከተማው ቅርብ የሆነ ትልቅ እርሻ ያለው ሰው እኔ ላቅርብልህ እያለ ደጁን ይጠናል። የሚቀጥለው ጭነት እንዳለፉት ፈሶ ከመጣ መኪናውን ወደ እናንተ መላክ አቆማለሁ ብሎናል፤ እኔ ፊት ነው የተናገረው። መኪናው ከቀረ ሰፈሩ ተመልሶ በደላላው እጅ ይወድቃል፣ የእሱን ነገር እኔ ላንቺ አልነግርሽም። እኔም በሳምንት አንድ ቀን በሳጥን የምትመጣልኝን እናቴን አጣለሁ።

ጥራት የምትቆጣጠር አንዲት ልጅ አለች፣ ተምራ የመጣች፣ እሳት የላሰች። ቴርሞሜትሯን እየወጋች ስለምትዞር ነርሷ እንላታለን። ነርሷ ሳጥኖቻችሁን አየችና ከልክ በላይ እየሞሉት ነው አለች። እኔ ዘራፍ አልኩ። እናቴ በዕድሜዋ ጎደሎ ሰፍራ አታውቅም፣ ገበያ ላይ ለማታውቀው ሰው እንኳ መርቃ ነው የምትሸጠው፣ መሙላት ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ጥፋት የሆነው ብዬ አፈጠጥኩባት። መንገዱ ነው አልኩ፣ ፀሐዩ ነው አልኩ። ጥሩምባንም እዚያው ቆሞ ሻዩን እየጠጣ አነዳዱ ነው ብዬ ከሰስኩት። ሻዩን አስቀምጦ ወጣ።

ነርሷ አልተከራከረችኝም፣ እንሞክረው አለች። ከአንድ ዓይነት ቲማቲም ግማሹን ሳጥን ልክ እንዳንቺ አድርገን ከመርነው፣ ግማሹን ከአፉ አራት ጣት ያህል አጉድለን ሞላነው። ከዚያ አንዱን ባንዱ ላይ ደራርበን ጫንንና ጥሩምባ በድንጋይ ማውጫው መንገድ ሲመላለስበት አረፈደ። እኔ ማንም እንዳያጭበረብር ብዬ ከጭነቱ ጋር ኋላ ተቀመጥኩ። መኪናው በነጠረ ቁጥር ጥርሴ ተጋጨ፤ የኩርፊያው እንደሆነ አውቄያለሁ፣ አንድም ጉድጓድ አላለፈኝም። ስንመለስ ገለበጥነው። ጎደሎው እንደነበረ አለ። የተከመረው ግን ጠረጴዛውን አልፎ ጫማዬ ውስጥ ገባ።

ያኔ ነው የገባኝ እማ። ሳጥን ሳጥን ላይ ሲቀመጥ ጠርዝ ከጠርዝ ከገጠመ ሸክሙን የሚችለው እንጨቱ ነው። ከተከመረ ግን የላይኛው ሳጥን የሚቀመጠው እንጨቱ ላይ ሳይሆን ቲማቲሙ ላይ ነው፣ በዚያ ላይ ሌላ፣ በዚያ ላይ ሌላ። የቀረውን መንገዱ ይወቅጠዋል። ነርሷ ነግሬሽ አልነበር አላለችም። ጨርቅ አምጥታ ከእኔ ጋር ወለሉን ጠረገች። አሁን ምሳችንን አብረን ነው የምንበላው።

ወለሉን እየጠረግን ሳለ ጥሩምባ አጠገቤ መጥቶ ቆመ። በክሴ ቆስሎ ነበር። ቢሆንም ድሮም ትንሽ ከፍ ታደርጉት እንደነበር፣ እንዲህ የባሰበት ግን እኔ እዚህ ከገባሁ ወዲህ መሆኑን ነገረኝ። እንዴት አልኩት። ሲጭን ሊያጎድልልሽ እጁን ቢሰድ መታሽው አሉ።

"እናትሽ ምን እንደምትለኝ ታውቂያለሽ? 'ተው አትንካ፤ እስከ አፉ ያለው የገዢው ነው፣ ከአፉ በላይ ያለው የልጄ ነው' ትለኛለች" አለኝ።

ጨርቁን እንደያዝኩ እርጥቡ ወለል ላይ ቁጭ አልኩ። ድልድዩ ጋ ሁሉም ጭኖ ሲጨርስ አንቺ እየጨመርሽ እየጨመርሽ ስለምትቆዪ ሳጥንሽ መጨረሻ እንደሚጫን ነገረኝ። ለካ ለዚያ ነው ከሁሉ በላይ ያለው ሳጥንሽ አናቱ ሳይነካ የሚመጣው። ዕዳውን የሚከፍለው ከሥሩ ያለው ነው፣ የጎረቤቶቻችን እና የራስሽ ጭምር። ጎረቤቶቹም እሷ የምትከምረው ልጇ ከመጋዘን ነግራት ነው፣ እዚያ የሚወደደው ክምሩ ነው ብለው ሁሉም ከመሩ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ማለት ይኸው ነው።

ደርሶኛል እኮ እማ። ከጠረጴዛው ላይ ለየራሳችን ጥቂት ጥቂት እንድንወስድ ይፈቀድልናል፣ እኔም ሁልጊዜ ከሳጥንሽ አናት ያለውን ነበር የምመርጠው። ማንም ሳይነግረኝ እጄ ወደዚያ ይሄድ ነበር። በጨው እየነከርኩ በልቼዋለሁ፣ ጣፍጦኛል። የእኔ ተብሎ እንደተላከ ሳላውቅ ነው የበላሁት። ባውቅ ኖሮ ቀስ ብዬ እበላው ነበር። አሁን አውቄ ደግሞ ላስቀረው ነው፤ እንደዚህ ያለ ፍርድ ይኖራል?

እለምንሻለሁ፣ የሚቀጥለውን ሳጥን ስትሞዪ ከአፉ አራት ጣት ሲቀረው አቁሚ። ጎደሎ ሳጥን ከደጄ ወጣ ሰው ምን ይለኛል እንደምትዪ አውቃለሁ። እዚህ የሚገዛው በሚዛን እንጂ በዓይን አይደለም፣ ማንንም አላጎደልሽም። ሣሩን ማንጠፍሽን አትተዪ፣ ነርሷም ወዳዋለች። ጥሩምባ እስኪመጣ ደግሞ ሳጥኖቹ ድልድዩ ጋ ፀሐይ ላይ አይዋሉ፣ ዋርካው ሥር ይጠለሉ። ጎረቤቶቹን ሰብስበሽ አንቺው ንገሪያቸው። አንቺ ስትከምሪ አይተው ከመሩ፣ ስታጎድዪም አይተው ያጎድላሉ። ነርሷ ምክሩን በወረቀት አሳትሜ ልላክ ብላ ነበር፣ እኔ ከወረቀት የእናቴ አፍ ይሻላል አልኳት። አሳፍረሽ እንዳታስቀሪኝ።

አባዬን ጉልበቱን ስሚልኝ። ያጠጣው ውሃ በከንቱ እንዳይፈስ ብላ ነው በዪው፣ እሱ ይገባዋል። እህቴን አንብባ ስትጨርስ በማያገባት እንዳታለቅስ ንገሪያት፣ ፀጉሯን ሳትቆርጥ እንድትጠብቀኝም። አክስቴ ጥርሷን ተነቀለች ወይስ ዛሬም ነገ ትላለች? ሰላም በያት። በታችኛው በር ያሉትን ሽማግሌ ጎረቤታችንን፣ ሳጥን በማሸከም ስላላሳረፍናቸው ይቅርታ ብላለች በያቸው። አህያዋን እንኳ ጆሮዋን እሺልኝ።

አንቺን ግን ሰላም ብዬ ልሰናበትሽ አልችልም። ጥሩምባ ሳጥኑን ሊያነሳ ጎንበስ ሲል እጅሽ አንዲት ለመጨመር እንደሚነሳ አውቃለሁ። ያን ጊዜ ያዢው እማ። ቲማቲሙ የገዢው ይሁን፣ ከላዩ የተውሽው ባዶ ቦታ የእኔ ነው። ሳጥኑ እዚህ ሲወርድ ከማንም በፊት አየዋለሁ፤ እጇን የያዘችው ለእኔ ብላ ነው እላለሁ።

የምትወድሽ ልጅሽ

ከመጋዘኑ ጀርባ፣ ልብስ ማስጫው አጠገብ ካለችው ክፍሌ
እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ መኪናው ወደ እናንተ በሚነሳበት ዋዜማ