የታጠበው ባንዲራ

ሰኞ፣ ቢቸና

አጠብኩት። አዲስ አበባ ለተቀበሩት አባባ ሐሙስ ሞጣ ለቅሶ አለ። የጦር ባንዲራቸው ንጹሕ ሆኖ ይውጣ ብዬ ሦስት ጊዜ በእንዶድ ዘፈዘፍኩት። የክሊኒክ ሥራ አመሌን አበላሽቶታል፤ እድፍ ካየሁ አያስችለኝም። ቢጫው ላይ የነበረው ትልቅ ቡናማ እድፍ ለቀቀ። ደስ ብሎኝ ነበር!

ከሰዓት ታላቅ ወንድሜ ደምሴ መጣ። ባንዲራውን አየና መሬት ላይ ቁጭ አለ። «የአድማሱ ደም እኮ ነው!»

ማክሰኞ

አድማሱ በጠላት ጊዜ የአባባ ባንዲራ ያዥ ነበር። ዓባይ በረሃ ሲመታ ባንዲራውን አባባ ተቀበሉት፤ ሬሳውን ወንዙ ወሰደው። ሚስቱ፣ ዛሬ መነኩሲት የሆኑት እማሆይ ዘነቡ፣ ያንን ደም በፍትሐት ላስቀብር ብለው ሲለምኑ ኖረዋል። አባባ ዛሬ ነገ እያሉ አቆዩት። ፓርላማ ለመግባት ሲወዳደሩም በበቅሎ ከገበያ ገበያ ይዘውት ዞሩ። በሰው ደም ተመረጡ። አባቴ ናቸው፣ እወዳቸዋለሁ፤ ግን አፈርኩ። ሊሞቱ ሲሉ ነው ለደምሴ «ለዘነቡ ስጥልኝ» ያሉት። ለእኔ የነገረኝ የለም።

ረቡዕ

ደምሴ፦ «የበግ ደም እንቀባዋለን። ማን ያውቃል?»

የበግ ደም ለፍትሐት! እምቢ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም።

ሐሙስ፣ ሞጣ

በጉ ታርዶ ነበር። ደሙን እንዳይቀባው ባንዲራውን ከጉያዬ አላወጣም አልኩ፤ ደምሴ ተቆጣ።

ለቅሶው ላይ የአባባ በቅሎ፣ ጠመንጃና ካባ ዞረ። ባንዲራው ሲወጣ ሕዝቡ አነባ። መታጠቡን ማንም ልብ አላለም። እማሆይ ግን ቀርበው ቢጫውን በጣታቸው ይዳብሱ ጀመር። ጠጋ አልኳቸው።

«እማሆይ፣ እኔ ነኝ ያጠብኩት። ሳላውቅ ነው፣ ይማሩኝ።»

አልጮሁም። ቢጫውን እንደያዙ፣ «ውኃውንሳ፣ ልጄ? የት ደፋሽው?»

«ቢቸና፣ ከጓሮዬ፣ ከጌሾው ሥር።»

«በይ እንግዲያ አፈሩን አምጪልኝ።»

ዓርብ፣ ቢቸና

ቆፈርኩ። አፈሩን በአዲስ ነጠላ ቋጠርኩት። ስቆፍር አለቀስኩ፤ ለአባባ እንኳ እንዲህ አላለቀስኩም።

በፍትሐቱ የሚጠራውን የአድማሱን የክርስትና ስም እማሆይ ነግረውኛል፤ ገብረ ማርያም። ነገ በመጀመሪያው አውቶቡስ ወደ ሞጣ እሄዳለሁ። ካህኑ ለአፈር ፍትሐት ያደርሱ እንደሆነ አላውቅም። ይዤ እሄዳለሁ።