ለሽማግሌዎቹ የሰጠሁት መልስ

ጎባ፣ የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለሀይሚ፣

እንዴት ነሽልኝ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ይህን በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ደውዬ፣ ሦስቴም ስለ ብርዱ አውርቼ ዘጋሁት። የመሳይ ልጅ ወደ ለንደን ስትመለስ በእጇ ታድርስልሽ ብዬ ጻፍኩት። ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ደጀኔ በጥቅምት ሽማግሌ መላኩን ታውቂያለሽ። «አባቴ እሺ እስኪልህ እንዳትደውልልኝ» ብለሽ የቀለድሽበት አንቺው ነሽ። እሱ ደግሞ የስንዴ ማጨጃ ኮምባይነር ከመጠገን በቀር ቀልድ የሚባል ነገር አያውቅምና ቃልሽን ጠበቀ። የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ ጋሽ ዱጉማ ሁለት እሁድ መጥተው፣ እሺ ካልተባልን አንቀመጥም ብለው ደጄ ላይ ቆሙ። እኔም እንደ ደንቡ ኮራ ብዬ «ዘመድ ላማክር» አልኳቸው። በሦስተኛው እሺ ልል በግ ሳይቀር ገዝቼ ነበር።

በዋዜማው ቅዳሜ የጎረቤታችን ልጅ ዮዲ ስልኳን ይዛ መጣች። ፎቶው ላይ ቬሎ ለብሰሻል፤ አንድ ረጅም ፈረንጅ ክንድሽን ይዟል። ከሥሩ «በመጨረሻ ሙሽራ ሆንኩ» ብለሻል። እናትሽ ብትኖር ያኔውኑ ደውላ ትጮህብሽ ነበር። እኔ ግን አባቷን ሳትጠይቅ ያገባች ልጅ ራሷ ትደውል ብዬ ኮራሁ። በማግስቱ ጋሽ ዱጉማ ሲመጡ «ልጄ እዚያው ተድራለች፤ ከእንግዲህ አይልፉ» አልኳቸው። «ያ ዋቅ!» ብለው ፈጣሪያቸውን ጠርተው፣ ጋቢያቸውን ሰብስበው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ስትደውይ ቶሎ ቶሎ የዘጋሁብሽ ለዚህ ነው። አንቺም ይሉኝታ ይዞሽ ስለ ሽማግሌዎቹ አልጠየቅሽኝም።

ጥር ሃያ፣ ማክሰኞ ቀን፣ ስለ ፎቶው እየሳቅሽ ነገርሽኝ። ስለ ሠርግ ዝግጅት የሚያስቅ ፊልም ነው፤ አቅም የሌላቸው ሰዎች ስለሆኑ ከምትሠሪበት ካፌ ጠርተው ሙሽራ አደረጉሽ። ቬሎው ሰፍቶሽ ከኋላ በልብስ መቆንጠጫ ይዘውት ነበር። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ «አባዬ፣ ለፋሲካ ቲኬት ቆርጫለሁ፤ ለደጀኔ እንዳትነግርብኝ» አልሽ።

የደጀኔ የሠርግ ጥሪ ካርድ ያኔ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። በዚያው ሳምንት እሁድ ማናልበሽ የምትባል የሮቤ አስተማሪ ሊያገባ። ደህና ልጅ ናት፤ እንዳትጠያት።

ለደጀኔ እውነቱን ለመንገር አምስት ቀን ነበረኝ። እሱ ያለበት ሮቤ ደግሞ እዚሁ አፍንጫችን ሥር ነው። ረቡዕ ሚኒባስ ተሳፍሬ፣ ሞልቶ ሳይነሳ ወረድኩ። ጠላው ተጠምቋል፣ ዘመድ ተጠርቷል፣ የሰው ሠርግ አላፈርስም አልኩ። ለራሴ የነገርኩት ይህንን ነው። እውነቱ ግን፣ ልጄ፣ ጋሽ ዱጉማ ፊት ቆሜ «ልጄን ሳልጠይቅ ነው የተናገርኩት» ማለት አፍሬ ነው። ለዚህች እፍረት ብዬ ነው ትዳርሽን ያሳለፍኩብሽ።

እሁድ ሄጄ መረቅኳቸው። ደጀኔ ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ እንዳለ፣ ሙሽራዋ እንዳትሰማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጋሼ፣ እሷስ ደስተኛ ናት?» አለኝ።

«አዎ» አልኩት።

እስከ ዛሬ አልተኛሁም። ለፋሲካ ነይ ለማለትም፣ ቅሪ ለማለትም አፍ የለኝም። ከመጣሽ መናኸሪያ ቆሜ እጠብቅሻለሁ፤ ፊትሽን ማየት ግን እፈራለሁ።

እመብርሃን በሰው አገር ብቻሽን አትተውሽ። እኔ ያጎደልኩብሽን እሷ ትሙላልሽ።

አባትሽ
ገብረ መድኅን