ቀይ ክር ያለባት መቆለፊያ

ኤፕሪል 6

ዛሬ ማረሻውን ገጠምን። ምራቴ አንጂላ ትራክተሩን ወደ ኋላ አስጠጋች፤ እኔ እንደ ልማዴ በትራክተሩና በማረሻው መሃል ቆምኩ። አርባ ዓመት የቆምኩበት ቦታ። የልጄ የሩፔሽ አባት ከማንጎው ሥር ወንበሩ ላይ ሆኖ በምርኩዙ ያዛል። ግራ... ወደ ግራ አላልኩም?... እግሩ ማሳ ባይረግጥም ምላሱ ሲያርስ ይውላል።

ሩፔሽ ስኳር ፋብሪካው ጋ ስለሚያድር መንዳቱ የአንጂላ ነው። ለእሷ ተፈቀደ። እኔ በልጅነቴ፣ ገና ሙሽራ ሳለሁ፣ አንድ ቀን ወንበሩ ላይ ብወጣ፣ ውረጂ፣ አንቺ ለኋላው ነሽ ተባልኩ። ለኋላው ሆንኩ።

መጀመሪያ ማረሻውን የሚያነሣው የትራክተሩ ግራ ክንድ። ቀጥሎ ቀኙ፤ እሱ ከፍ ዝቅ የሚያደርገው እጀታ ስላለው ቢያስቸግርም ይስተካከላል። መጨረሻ የላይኛው ዘንግ። ሦስት ቦታ፣ ሦስት ፒን፣ በየፒኑ ጫፍ አንዳንድ መቆለፊያ። ጣት የምታህል፣ ቀለበት ያላት ብረት ናት። ክንዱ ከፒኑ ሾልኮ እንዳይወጣ የያዘችው እሷ ብቻ ናት። በሦስቱም ላይ ከቤተ መቅደስ ያመጣሁትን ቀይ ክር አስሬባቸዋለሁ። ሣር ውስጥ ቢወድቁ እንዲታዩኝ።

ትረሳለች ስለሚሉኝ ከእንግዲህ እጽፋለሁ። ግራ ተቆለፈ። ቀኝ ተቆለፈ። ላይ ተቆለፈ። በስልሳ አንድ ዓመቴ ፊደል የቆጠርኩት ለዚህ ይሁን።

ኤፕሪል 7

ማረሻው አፍንጫውን ቀበረ። ትራክተሩ አቃሰተ። አንጂላ ዞር ብላ፣ "እማ፣ የምናርሰው ለሸንኮራ ነው ወይስ ለጉድጓድ?" አለችኝ። ሳቅኩ። የላይኛው ዘንግ አጥሮ ነው። ሁለት ዙር አላላሁት፣ ረዘመ፣ ማረሻው ጠፍጣፋ ተኛ። አፈሩ እንደ ተቆረሰ ዳቦ እየተገለበጠ ሄደ። የሩፔሽ አባት ከማንጎው ሥር ሦስት ዙር ነበር የሚያስፈልገው አለ። በሦስት ዙር ላይ ላዩን ሲንሸራተት ይውል ነበር። ማን ይነግረዋል?

የሩፔሽ አባት እያልኩ እጽፋለሁ። ስሙን በአፌ ጠርቼው አላውቅም፤ እናቴም የአባቴን ሳትጠራ ሞተች። የፊደል ትምህርት ላይ አስተማሪዋ የባልሽን ስም ጻፊ ስትለኝ የልጄን ስም ጽፌ ከፊቱ "የ"፣ ከኋላው "አባት" ጨመርኩበት። ወጣቶቹ ሳቁ። ይሳቁ።

ኤፕሪል 8

የተቆረጠ እግሩን ዘይት ቀባሁለት። አሥራ አንድ ዓመት፣ በየቀኑ።

እግሩን ባጣበት ቀን ማረሻውን አንሥቶ ዘንጉን ሊያስተካክል ወረደ። የቀኙ ክንድ ከፒኑ ሾለከ። ማረሻው በአንድ ጎኑ እግሩ ላይ ወደቀ። ሆስፒታል ሲጠይቁት፣ መቆለፊያዋን ረስታ ነው አለ። የሰካሁ መስሎኝ ነበር... እሱ ረሳች አለ። መንደሩ ረሳች አለ። እኔም ረሳሁ አልኩ። ይኸው እስከ ዛሬ ሠርግ ቤት ድስት ሳማስል ሴቶቹ፣ ፉልማቲ፣ ጨው ጨምረሻል ወይስ እሱንም ረሳሽው? ይሉኛል።

ምን እመልሳለሁ? እግር እኮ ነው የረሳሁት።

ኤፕሪል 9

ዝናብ። አልታረሰም። የሩፔሽ አባት ታናሽ ወንድም ዴዮ መጥቶ ያንጎናቸውን፣ የሚያፈዝዘውን የሥር መጠጥ፣ ሲጠጡ ዋሉ። ነገ በማለዳ የሚተከል ሸንኮራ በተጎታች ሊያመላልስ ነው።

ሳይመሽ ማረሻውን ፈተሽኩ። ግራ፣ ቀኝ፣ ላይ። ሦስቱም አሉ።

ኤፕሪል 10

ቀስ ብዬ ልጻፍ።

ስድስት መስመር ደኅና ታረሰ። ሰባተኛው ጫፍ ላይ አንጂላ ማረሻውን አነሣች፣ የተጣበቀውን ጭቃ ልትጠርግ ወረደች። እኔ ውኃ ይዤ እየመጣሁ ነበር። ጠቅ የሚል ድምፅ ሰማሁ። እንደ ጥርስ መሰበር። ከዚያ ማረሻው ወደቀ።

ነጠላ ጫማዋን አየሁ። ሰማያዊው ነጠላ ጫማ ከብረቱ ሥር። እግሯን ፈለግኩ። ዓይኔ እግሯን ማግኘት አቃተው። ለካ ቆማለች፣ አንድ እግሯ ባዶውን፣ ሁለት ክንድ ርቃ። አንድ ጭረት የላትም። ሁለታችንም ጫማውን እናያለን። ውኃው ከእጄ ወድቋል፣ መቼ እንደወደቀ አላውቅም።

የቀኙ ክንድ ራቁቱን ነው። መቆለፊያ የለውም።

የሩፔሽ አባት ከማንጎው ሥር፣ "አሁንም ረሳሽው" አለ። ከወንበሩ አልተነሣም። ሩፔሽ ይነገረዋል፣ ከእንግዲህ ትራክተሩ አጠገብ እንዳላይሽ አለ።

ሁለተኛ? የልጄን ሚስት ልገድል? እንግዲህ ጭንቅላቴ ሞቷል ማለት ነው... እውነት ከሆነ ያርቁኝ። ይገባኛል።

በኋላ

ደብተሩን ገለጥኩ። የትናንትናውን በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። ሦስቱም አሉ። የራሴ እጅ ነው። ደግሜ አነበብኩት። ደግሜ።

አልረሳሁም።

ታዲያ ማን?

ኤፕሪል 11

በማለዳ ማሳው ወረድኩ። ሰባተኛው መስመር ላይ በእጄ አፈሩን አበጠርኩ። ሽቦ አገኘሁ። የአጥር ሽቦ፣ ተጠምዝዞ የተበጠሰ። መቆለፊያ አንድ ሌሊት አድራ ሽቦ አትሆንም።

መንገድ ዳር የዴዮ ተጎታች ሸንኮራ ተጭኖ ቆሟል። ከትራክተሩ ጋር የተያያዘበት ፒን ጫፍ ላይ... ቀይ ክር። ጎማውን ይዤ ቆምኩ።

ዴዮ መጣ። ባቢ ከሚላት ከታላቅ ወንድሙ ሚስት ጋር መቀለድ ይወዳል። "ባቢ፣ ማረሻሽን ትተሽ እኔን ልታርሺ መጣሽ?"

"ይቺ የማን ናት?"

"የእናንተው ናታ። የእኔዋ ጠፋች፣ ወንድሜ ትናንት ሳይነጋ ከማረሻው ነቅሎ ሰጠኝ። ለአንድ ቀን በሽቦ አስሬዋለሁ አለኝ። ያኔም እንዲሁ..."

ፊቱን አዞረና የጭነቱን ገመድ ማጥበቅ ጀመረ።

"ያኔ መቼ?"

ፊቱ አመድ መሰለ። ዓይኑን ጎማው ላይ ተከለ። "ታውቂያለሽ ብዬ ነው እኮ፣ ባቢ።"

መቆለፊያዬን ነቀልኩ። አንተም በሽቦ እሰረው ብዬው መጣሁ። በየት በኩል እንደመጣሁ አላውቅም።

ኤፕሪል 12

ሮቲ ቂጣው አረረ። ማንም አልጠየቀኝም። የሩፔሽ አባትም ያረረውን በላ።

ያውቅ ነበር። ዘይት ስቀባው ያውቅ ነበር።

ኤፕሪል 13

ሽቦውን ጭኑ ላይ አስቀመጥኩለት። አየው። አላነሣውም።

"ለአንድ ቀን ይይዛል ብዬ ነው" አለ።

"ያኔስ?"

ምርኩዙን ከግራ እጁ ወደ ቀኝ አዛወረ። "ያኔም ለአንድ ቀን ነበር።"

ሌላውን ቁርጥ ቁርጥ አድርጎ ነገረኝ። ሆስፒታል ሲጠይቁት ዴዮ አልጋው አጠገብ ቆሞ ያለቅስ ነበር። ሽቦ ነው ቢል መቆለፊያዋን ወስዶ የነበረው የወንድሙ ስም ይነሣል። አፉ ወደ እኔ ሮጠ። አንዴ ከወጣ በኋላ እንዴት ይመልሰው? አንቺም ዝም አልሽ አለኝ።

ዝም አልኩ... ስላመንኩት ነው እኮ። አሥራ አንድ ዓመት የገዛ እጄን እያየሁ ያፈርኩት።

አንጂላ በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። በባዶ እግሯ። "አባ፣" አለችው፣ "የእኔ እግር ቢሆን ኖሮ ማን ረሳ ይሉ ነበር?"



እኔ አንድ ነገር ብቻ አልኩት። ለሩፔሽ የሚነገረው በእርስዎ አፍ ነው። በእኔ አይደለም።

ኤፕሪል 14

ለሩፔሽ ደወለለት። እኔ ደጅ ነበርኩ፣ ካሳቫ እየላጥኩ። የእሱ ድምፅ ተሰማኝ፣ ቀጭን፣ የማላውቀው። እናትህ አልረሳችም አለ። ሁለት ጊዜ ደገመው፣ ሩፔሽ አልሰማውም መሰለኝ። ወይም ሰምቶ ማመን አቃተው።

ቢላዋው ቆረጠኝ። ደሙን ያየሁት ካሳቫው ሲቀላ ነው።

ኤፕሪል 15

አንጂላ ሌላ ነጠላ ጫማ ገዛች። አሮጌውን ለማውጣት ማረሻውን ማንሣት ነበረብን። ማንም አልጀመረም።

ኤፕሪል 17

ዛሬ ማረሻውን መልሰን ገጠምን። አንጂላ መሪውን ሳትይዝ ቆመችና፣ "እማ፣ ዛሬ እርስዎ ይውጡ፤ እኔ ከጎን አሳይዎታለሁ" አለች። ሳላስብ ማንጎውን ዞሬ አየሁ። ወንበሩ ባዶ ነው። በምርኩዙ እየተጎተተ መጥቶ ማረሻው አጠገብ የሸንኮራ ክምር ላይ ተቀምጧል። መቆለፊያዎቹ መዳፉ ላይ ናቸው። ማንም ና አላለውም።

ወንበሩ ከፍ ያለ ነው። ከዚያ ላይ ማሳው ሌላ ማሳ ይመስላል። አርባ ዓመት የማውቀው መሬት መሆኑን ለማመን ጥቂት ቆየሁ። ሁለት ጊዜ አበላሸሁ፤ አንዴ ራቅኩ፣ አንዴ ማረሻውን ገጨሁት። በሦስተኛው ክንዶቹ ከፒኖቹ ትክክል መጡ። ሞተሩን አጠፋሁ። ከኋላዬ የብረት ድምፅ። እሱ ጎንበስ ብሎ ይሠራል።

ከዚያ ከአፌ ወጣ። አላሰብኩትም።

"ሺው ናራያን፣ ቀኙን ቆለፍከው?"

አንጂላ እጇን አፏ ላይ ጫነች። እሱ ማን እንደጠራው ለማየት መንገዱን ተመለከተ። መንገዱ ላይ ሰው የለም። ቀስ ብሎ ቀና ብሎ እኔን አየኝ።

"ቆለፍኩ" አለ።

ወርጄ በዓይኔ አየሁ። ግራ። ቀኝ። ላይ።

ሺው ናራያን ቆልፏል።