ጠረጴዛ ቁጥር ዐሥራ አራትን በመገኘቱ ላከበረልን ኮሚቴ

ለተከበሩ ሐጂ ጀማል፣ የሩዋይስ ሐበሾች መረዳጃ ኮሚቴ ሰብሳቢ፤
በእርስዎም በኩል ለጸሐፊው ለአቶ ተክሌና ለመላው የኮሚቴ አባላት፤
ጅዳ

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ፤ ለአቶ ተክሌም ጤና ይስጥልኝ። ሐጂ፣ ስኳሩ፣ ደም ብዛቱና ጉልበትዎ እንደምን ሰነበቱ? ባለፈው ዓርብ ሦስት ሰዓት ሙሉ ከወንበር ሳይነሡ ስለቆዩ ጉልበትዎ እንደሚሻለው ተስፋ አደርጋለሁ፤ የቆምነው እኛ ስለሆንን የኛ ትንሽ ያመናል፣ ግን አልሐምዱሊላህ።

እኔ የሹፌሩ የየሱፍ ልጅ ሂክማ ነኝ፣ ዐሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። ለታላቅ በአክብሮት እንዴት እንደሚጻፍ ያስተማረኝ ኮሚቴው የከፈተው የቅዳሜ አማርኛ ትምህርት ስለሆነ፣ ከዚህ በታች ለሚነበበው ሁሉ ምስጋናው የኮሚቴው ነው። የዚያን ቀን ፊት ለፊት እንዳልናገር ይሉኝታ ያዘኝ፤ አባቴም ክንዴን ያዘኝ።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ሁለት ዓመት ለፍቼ «አንዲት ዓርብ» የሚባል ጨዋታ ሠራሁ። ስክሪን የለውም፣ ኩባንያም የለውም፤ ካርዶቹን ከጫማ ካርቶን ቆርጬ በእጄ የጻፍኩት ነው። አራት ሰዎች ጠረጴዛ ከብበው ይቀመጡና እያንዳንዳቸው ሰው ቤት የምትሠራ ሴት ይሆናሉ። እኔ አጫዋቿ ታሪኩን እየተረክሁ ማዳሟንም፣ «ከፊል» የሚባለውን አሠሪዋንም፣ በሩንም እሆናለሁ። ተጫዋቾቹ ምን እንደሚያደርጉ ይናገራሉ፤ ተሳካ አልተሳካ የምትፈርደው ከአንድ እስከ ሃያ ቁጥር የተጻፈባት ባለ ሃያ ገጽ የዕጣ ጠጠር ናት። ግቡ አንዲት ዓርብ ዕረፍት አግኝቶ ከበር መውጣት ነው። ኻላስ፣ ሌላ የለውም። ገንዘብ እንደማይነካካው ደግሞ «ቁማር ይሆን እንዴ» ብለው ሦስት ሳምንት ያጣሩት የኮሚቴው አባላት ራሳቸው ምስክር ናቸው።

በሰሜን ጅዳ በተደረገው የጨዋታ አውደ ርዕይ ላይ ጠረጴዛ ቁጥር ዐሥራ አራት ተሰጠኝ፤ ዓርብ፣ ከዐስር ሶላት እስከ መግሪብ። ዕድሜዬ ስላልደረሰ የአዋቂ ፊርማ ተጠየቅሁ። አባቴ መፈረም ሲችል «ሐጂ ይፈርሙ፣ ደስ ይላቸዋል» አለ። እርስዎም ፈረሙ፣ ደስም አለዎት፣ ችግሩም ከዚያ ጀመረ።

ከአራቱ ተጫዋቾች አንዷ የእናቴ የአክስት ልጅ ነፊሳ ነበረች። ነፊሳ እውነትም ሰው ቤት ነው የምትሠራው፤ ጨዋታውን ስንሞክረው የኖርነው እሷ ከወጥ ቤት ሆና በስልክ እያንሾካሾከች ነው። በጨዋታው ውስጥ ያለችው ሴት ከበሩ እጀታ ላይ እጇን ጭና ቆማለች፤ የቀራት አንድ የጠጠር ውርወራ ነው፣ ዐሥራ አምስትና ከዚያ በላይ ከወጣ ትወጣለች። ያንን ውርወራ ለአውደ ርዕዩ አቆየነው። የእውነቷ ማዳም ደግሞ በስምንት ወር አንድ ዓርብ ፈቀደችላት። ያቺ ዓርብ ይህቺው ነበረች።

እንግዲህ ምስጋናዬን በቁጥር ላቅርብ።

፩ኛ፦ ልጃችሁን ለማበረታታት ሰባት ሆናችሁ መምጣታችሁ ልቤን ነክቶታል። ወንበሮቹ አራት ነበሩ። ታላቅ ቆሞ ታናሽ እንደማይቀመጥ ስለምናውቅ ተጫዋቾቹ ተነሡ፤ የጎደሉትን ሦስት ወንበሮች አቶ ተክሌ ከጎረቤት ጠረጴዛ አመጡ። በዚያ ጠረጴዛ ዘንዶ ሲገድሉ የነበሩት የሳዑዲ ልጆች ቆመው ገድለውታል፤ ኮሚቴውን አመስግኑልን ብለዋል።

፪ኛ፦ ለፕሮግራሙ። ዱዓ፣ የመክፈቻ ንግግር፣ የኮሚቴው የዓመት ሪፖርት፣ በሪፖርቱ ላይ አስተያየት፣ በአስተያየቱ ላይ ማብራሪያ። የአውደ ርዕዩ አስተናጋጅ መጥቶ ጨዋታው መቼ እንደሚጀመር ሦስት ጊዜ ጠየቀ፤ አቶ ተክሌ ሦስቱንም ጊዜ «ሹወይ ሹወይ»፣ ቀስ በል፣ ብለው ሸኙት። በዕለቱ የሠራ ብቸኛው አጫዋች እሳቸው ነበሩ።

፫ኛ፦ ሕጉን ስላረማችሁልኝ። ከካርዶቼ አንዱ እንዲህ ይላል፦ «ኮሚቴውን የጠራች ተጫዋች ጠጠሯን ትወርውር። ሃያ ከወጣ ኮሚቴው ይደርሳል፤ ካልወጣ ስብሰባ ላይ ነው።» እርስዎ ይህን ጮክ ብለው አነበቡ፣ መነጽርዎን አወለቁ፣ ጠጠሯንም አንሥተው ራስዎ ወረወሩ። አራት ወጣ። ደግመው ወረወሩ፤ ሰባት። «ጠጠሯ ተበላሽታለች» አሉና እስክሪብቶ አስመጥተው ካርዴ ላይ «ኮሚቴው ምንጊዜም ይደርሳል» ብለው ጻፉ፤ ማኅተሙንም አቶ ተክሌ በኪሳቸው ይዘው መጥተው ኖሯል። በዓለም ላይ ማኅተም ያለው ካርድ የያዘ ጨዋታ የኔ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

፬ኛ፦ ከዚያ በኋላ ወደዚህ አገር በጀልባ እንዴት እንደ መጡ ስለተረኩልን። በሦስት ሠርግ ሰምተነዋል፤ በዚህኛው ማዕበሉ ጨምሯል።

፭ኛ፦ ይህን እንዴት በአክብሮት እንደምጽፈው የቅዳሜው ትምህርት አላስተማረኝም። ነፊሳ ለዚያች ቀን የተኮሰችውን አባያ ለብሳ ከኋላዎ ቆማ ነበር። ሐጂ፣ ክፋት እንዳላሰቡ አውቃለሁ፤ እጅ የለመደውን ነው። ዘወር ብለው «ነፊሳ የኔ ልጅ፣ መቼም እጅሽ ሥራ አይፈታም፣ እስቲ ከቴርሞሱ ቅጂልን» አሏት። እሷም «እሺ አባባ» ብላ ቀዳች። ሰባት ኩባያ፣ ሁለት ዙር፣ ስኳር ላለበትም ለብቻ። በስምንት ወር አንድ ቀን ከሻይ ብትገላገል፣ ሻዩ ሰሜን ጅዳ ድረስ ተከትሏት መጣ። እኔም አጠገቧ ቆሜ ነበር፤ ምንም አላልኩም። ይህ የእናንተ ጥፋት አይደለም፣ የኔ ነው። ከዚያ መግሪብ ተጠራ፣ ጠረጴዛውም ለሌላ ተሰጠ።

በአባቴ መኪና ስንመለስ ነፊሳ ከኋላ ወንበር ላይ «እስቲ ጠጠሯን አምጪያት» አለችኝ። ጭኗ ላይ ወረወረቻት። ዐሥራ ስምንት። «ወጣሁ በያ!» ብላ ሳቀች፤ አባቴ ሳይቀር ሳቀ። በዚያው አፍታ መኪናው ከአሠሪዎቿ በር ላይ ደርሶ ቆመ፤ ወረደች፣ ደወሉን ደወለች፣ ገባች። ስለሚቀጥለው ዓርብ ማዳሟ «ኢንሻአላህ» ብላታለች፤ ይህ ቃል በሷ አፍ ሲነገር ምን ማለት እንደሆነ ለኮሚቴው ማስረዳት ድፍረት ይሆንብኛል።

ስለዚህ የምለምነው ነገር የለኝም። ዓርብ አይመለስም፤ የሚመልስ ሥልጣንም እናንተ ዘንድ የለም፣ እኔ ዘንድማ ጭራሽ። ወንበሮቹ ግን ተመልሰዋል።

እርጅናችሁን ያማረ፣ ስብሰባችሁን ያጠረ ያድርግላችሁ እያልኩ፣
ቆማ ያሳለፈች፣ ቆማም የምትጽፍ ታዛዣችሁ
ሂክማ የሱፍ
ሩዋይስ

ማሳሰቢያ፦ በማኅተም የታረመውን ካርድ በትእዛዛችሁ መሠረት ተቀብዬ አዲሱን ጽፌዋለሁ። መጀመሪያ ስጽፈው የኔ ስጋት ኮሚቴው አይደርስም የሚል ነበር፤ ተሳስቼ ኖሯል፣ ይቅርታ። ካርዱ አሁን እንዲህ ይነበባል፦ «ኮሚቴው ምንጊዜም ይደርሳል። በደረሰ ጊዜ ተጫዋቿ ሻይ ትቀዳለች፤ ዓርቧም ታልቃለች።»