ጭረቱ በግድግዳው በኩል ነው

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 16 ቀን፣ ከሰዓት በኋላ

ለምሳሳልህ ልጄ፣

እንዴት ነህ የኔ ጌታ? ያ የሚመላለስብህ ሳል ለቀቀህ ወይስ እንደ ልማድህ "ደህና ነኝ እማዬ" እያልክ ትደብቀኛለህ? ስልክ ላይ ስትስቅ ደረትህ ሲያፏጭ እሰማዋለሁ፣ እንዳልሰማሁ አትቁጠረኝ። እኛ ሁላችንም አለን። እህትህ ሥራ ቦታዋ የጠዋት ተራ ደርሷታል፣ ገና ሳይነጋ ነው የምትወጣው። ልጇ ድንቢጥ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ስታወራ ምራቋን ትረጨናለች። "አጎቴ መቼ ነው የሚመጣው?" ትላለች በቀን አሥሬ።

በየሳምንቱ እያወራን ምን ደብዳቤ አመጣት ብለህ መደንገጥህ አይቀርም። ልጄ፣ አባትህ ስልኩ ሲጮህ ከጎኔ አይጠፋም። "ድምፁን ከፍ አድርጊው፣ እኔም ልጄን ልስማ" ይላል። ይህን ነገር ደግሞ እሱ እየሰማ ላወራው አልችልም። የመድኃኒት ቤቷ ልጅ ነገ ወደ እናንተ ትበራለች፣ በእጅህ ትሰጥህ ዘንድ ነግሬያታለሁ። አንብበህ ስትጨርስ ቅደደው።

ነገሩ ስለ መኪናዋ ነው። የላክህለት ቀን አባትህ ምን ያህል እንዳለቀሰ ታስታውሳለህ። ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ነድቶ፣ ሰው ጭኖ ሰው አውርዶ፣ የራሱ የሚለውን መሪ የጨበጠው በስተርጅና ነው። "ዶሮ እንኳ ሳልገጭ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ" ይላል አሁንም፣ ለሚሰማውም ለማይሰማውም። እውነቱን ነው፣ ይህን ማንም አይነፍገውም።

ታዲያ ከዚያ ወዲህ መኪና አቁሞ መሄድ የሚባል ነገር ፈተና ሆነብን። ዛፍ ሥር አይቆምም፣ ወፍ ታበላሻታለች። ሱቅ በር ላይ አይቆምም፣ ጋሪ የሚገፋ አይጠፋም። ልጆች የጫነ መኪና አጠገብ አይቆምም፣ በር በርግደው ይመቱብኛል ይላል። የተጋጨ መኪና ጎን ማቆምማ ነውር ነው! "የራሱን ያልጠበቀ የኔን ይጠብቅልኛል?" ይላል። ስፖኪዮዎቿን ያጥፋል፣ ካቆማት በኋላ ሦስት ጊዜ ዞሮ ያያታል። ጭራሽ አሮጌ ፍራሽ አስቀድዶኝ ለበሮቿ መከላከያ ሰፋሁለት፣ በገመድ እናንጠለጥልላታለን። መንገደኛው "ታማለች እንዴ?" እያለ ይስቅብናል። ገበያ ስንሄድ የሚያቆምበት ቦታ ከመራቁ የተነሣ ከቤቴ በእግሬ ብሄድ ይቀርበኝ ነበር። እኔም እስቅ ነበር፣ አልዋሽህም። ሽማግሌ ሰው መጫወቻ አገኘ እያልኩ።

ከሁሉ የሚወደው ግን ግድግዳ ነው። የገበያው መኪና ማቆሚያ መጨረሻ ላይ ቢጫ የተቀባ ረጅም ግድግዳ አለ። "አንዱን ጎኗን ግድግዳው ከጠበቀልኝ እኔ የምጠብቀው ሌላውን ብቻ ነው" ይላል። መጀመሪያ እኔን ያወርደኛል፣ ምክንያቱም ግድግዳው ከተጠጋ በእኔ በኩል ያለው በር አይከፈትም፣ ከዚያ መኪናዋን ከግድግዳው ጋር ጥብቅ ያደርጋታል። እኔ ዘንቢሌን ይዤ ቀድሜ እሄዳለሁ፣ እሱ ቆይቶ ይደርስብኛል።

የመጀመሪያው ጭረት የታየው እዚያ ነው። ከፊት በር እስከ ኋላ በር የተሳበ፣ የክንዴን ያህል። የአባትህ ጩኸት ገበያውን አናወጠው። በማቆሚያው ጠባቂ ነው ያመካኘው፣ ሁልጊዜ ስለሚያፏጭ ፉጨት የምንለው፣ አንድ እግሩን የሚስበው ሰውዬ። "በሚስማር ጫረብኝ!" አለ። ፉጨት ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ። አባትህ የማቆሚያው ኃላፊ ዘንድ ገብቶ ተናገረ። በሳምንቱ ስንመለስ በፉጨት ቦታ ሌላ ሰው ቆሟል።

ጭረቱ ግን አልቆመም። ክሊኒኩ ጋ ተጫረች፣ መብራት ልንከፍል ሄደን ተጫረች። "ያ የተባረረው ነው፣ ቂም ይዞ እየተከተለኝ ነው" አለ አባትህ። አሁን ከመቀመጫው ሥር የጎማ መፍቻውን ብረት ያስቀምጣል። "የያዝኩት ለት እጁን ነው የምሰብረው" ይላል። ዶሮ ማረድ የሚያስጨንቀው አባትህ! ይህን ሲል ፊቱን ብታየው አታውቀውም። ፉጨት ደግሞ እዚያው ገበያ ዕቃ ይሸከማል፣ ሌላ ምን ይብላ? በየሳምንቱ ስንሄድ ሁለቱ እንዳይገናኙ ዓይኔ ሲንከራተት ምን እንደምገዛ ሁሉ ይጠፋኛል።

እኔ ዕድሜዬን በስፌት የጨረስኩ ሰው ነኝ፣ ቀለም አይጠፋኝም። መኪናዋን ሳጥብ ጭረቱ ውስጥ ቢጫ ነገር ተጣብቆ አገኘሁ። ሌላኛው ጭረት ውስጥ ደግሞ የክሊኒኩ አጥር ሰማያዊ። ሚስማር ቀለም አለው እንዴ? ደግሞስ ጭረቱ ሁሉ በእኔ በኩል፣ በግድግዳው በኩል ነው። ከግድግዳ ጋር በተጣበቀ ጎን ማን ገብቶ ይጭራል፣ ድመት ካልሆነ? ግን ለራሴም አልነገርኩትም፣ ባልዲዬን አንሥቼ ገባሁ።

ከዚያ አንድ ቀን ቦርሳዬን ረስቼ ከገበያው በር ተመለስኩ። ከጭነት መኪና ኋላ ሆኜ አየሁት። ቀስ ብሎ፣ አንገቱን አስግጎ፣ ወደ ግድግዳው ይጠጋል። ጭርርር አለ። ቆመ። ወደ ኋላ አወጣት፣ ወረደ፣ በእኔ በር በኩል ዞረና በሩን በመዳፉ ዳሰሰው። አላየውም ልጄ፣ ዳሰሰው። ከላይ እስከ ታች፣ ጭረቱን በጣቱ እስኪያገኘው። ከዚያ ተመልሶ ገብቶ ግንባሩን መሪው ላይ አስደግፎ ቆየ። ሮጬ ሄጄ ጭንቅላቱን ላቅፈው ነበር፣ ግን አየችኝ ብሎ እንዳያፍር ተውኩት። ሰው እንደመጣ እንዲያውቅ ከሩቅ ሳል ሳል ብዬ ስደርስ፣ ከመኪናው ወጥቶ "አየሽ አይደል? ደግሞ ጫሩብኝ!" አለኝ። "እጃቸው ይቆረጥ" አልኩት። ምን ልበለው?

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚሉት ይሄው ነው። መኪናዋ ከሰው ልትጠበቅ በግድግዳ ተፋቀች።

ይህን ካየሁ በኋላ ፉጨት ቤት ሄድኩ። ሚስቱ በር ላይ ሽንኩርት ትልጣለች፣ ቀና ብላም አላየችኝ። እሱ ግን ወንበሩን ለቀቀልኝ። ይቅርታ ልለው አፌን ስከፍት "እትዬ፣ ጋሼን ዓይን ሐኪም ጋ ይውሰዷቸው" አለኝ። ያን ቀን አባትህ ከግድግዳው ጋር ሲያፋትጋት በዓይኑ አይቷል። "ታዲያ ለምን ለኃላፊው አልተናገርክም?" አልኩት። "ተናግሬ ነበር፣ ማን ይስማኝ? ሠላሳ ዓመት የነዱትን ሰው ትቶ እኔን ይመን? ደግሞ ሰው በተሰበሰበበት ዕውር ነዎት ልበላቸው?" አለ። ሚስቱ ከውጭ "አንተ ስታከብራቸው እኛ ጾማችንን እናድራለን!" አለችው። እውነቷን ነው። አፈርኩ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ስለ ሐኪሙ ማን ያናግረው? ሞክሬያለሁ። "ዓይኔ ምን ሆነ? አንቺ ዓይንሽን ታከሚ" ይለኛል። መርፌዬን ክር የሚያስገባልኝ ሁልጊዜ እሱ ነበር፣ ታስታውሳለህ። አሁን ክሩን አርሶ አርሶ "የዘንድሮ መርፌ ቀዳዳው ጠቧል" ብሎ ይመልስልኛል። ሻይ ስሰጠው እጁ ብርጭቆውን አልፎ ይሄዳል። ከዚያ እንደ ቀልድ ይስቃል፣ እኔም አብሬው እስቃለሁ። ሁለታችንም እንዋሻለን ልጄ። እሱ እያወቀ እንዳላወቀ ይሆናል፣ እኔም እያወቅኩ እንዳላወቅኩ እሆናለሁ።

እስከዚህ ድረስ ቆርቆሮ ነው ብዬ ዝም ባልኩ ነበር። ሐሙስ ዕለት ግን ድንቢጥን ከኋላ አስቀምጠን ስንመለስ፣ ትምህርት ቤቱ ጋ አንዲት ሴት፣ ልጅ አዝላ ጃንጥላ ይዛ፣ ትሻገር ነበር። ከሩቅ ታየችኝ። አባትህ ፍጥነቱን አልቀነሰም። ይቀንሳል ብዬ ጠበቅኩ። አሁን ይቀንሳል፣ አሁን ይቀንሳል... በመጨረሻ "ሰው!" ብዬ ጮህኩ። ፍሬን ያዘ። ጃንጥላዋ ጎማው ሥር ገብቶ ተሰባበረ። ሴትየዋ ባምፐሩን በእጇ ይዛ ቆማ ታየናለች። ያዘለችው ልጅ ብቻ ነው ያለቀሰው። አባትህ "አይቻታለሁ! ምን ያስጮህሻል?" አለኝ። ከንፈሩ ግን ነጭ ሆኗል።

ቤት ስንገባ እኔ ድንቢጥን ውሃ አጠጣሁ። በመስኮት ሳይ አባትህ ከመኪናዋ ፊት ተንበርክኮ ባምፐሩን ይዳስሳል። ከዚያ ገብቶ "ተመስገን፣ አልተጫረችም" አለ። ይህን ቃል ከሰማሁ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

አሁን የሚያስጨንቀኝን ልንገርህ። ትምህርት ሊከፈት ነው። እህትህ ሳይነጋ ስለምትወጣ፣ ድንቢጥን በየማለዳው የሚያደርሳት እሱ ነው ተብሎ ተወስኗል። እህትህ ምንም አታውቅም፣ ብነግራት ዕለቱኑ ፊት ለፊት ትናገረዋለች፣ አንደበቷን ታውቀዋለህ። እሱም እልህ ይይዘዋል፣ ሊያሳያት ሲል ይነዳል። በዚያ ብርሃን በሌለበት ሰዓት፣ ሕፃናት በሚንጋጉበት በር።

ስለዚህ አንተ ዋሽልኝ። ደብዳቤው እንደደረሰህ፣ ሳታድር ደውልለት። "አባዬ፣ ለሠርጌ ልመጣ ነው፣ ሙሽራዬን የማሳፍራት በዚያች መኪና ነው። እስከዚያ ከግቢ እንዳትወጣ፣ አንድ ጭረት እንዳይነካት፣ ሸራ አልብሰህ ጠብቅልኝ" በለው። ሙሽራ ከሌለህም ፍጠር፣ እግረ መንገዴን እኔም ደስ ይበለኝ። ለዓይንህ ብለህ ተው ብትለው አይሰማህም። ለሰው ነፍስ ብለህ ብትለውም "ዶሮ አልገጨሁም" ይልሃል። ለመኪናዋ ከሆነ ግን ወንበር አውጥቶ በሩ ላይ ይቀመጥላታል። ሸራውን ሰፍቼ ጨርሻለሁ፣ አልጋ ሥር ነው ያለው። ለፉጨትም ቦታውን የምናስመልስበትን መንገድ እኔና አንተ እንመክራለን፣ እሱን በሕይወት እያለሁ አልተወውም።

እስክትደውል ድረስ ከፊት ወንበር አልወርድም። መኪና ያቅለሸልሸኛል የምትለዋ እናትህ፣ አሁን እንውጣ ሲል ነጠላዬን ቀድሜ የማነሣው እኔ ነኝ። "አቤት ሰው መብዛቱ ዛሬ" እላለሁ፣ ይቀንሳል። "መብራቱ ቀይ ነው፣ እንዴት ያስጠላል" እላለሁ፣ ይቆማል። ለምን እንደምለፈልፍ አይጠይቀኝም። ድሮ በመንገድ ሳወራ ይቆጣኝ ነበር።

ይህን ስጽፍ አባትህ ገባ። "ለልጁ ነው?" አለ። "አዎ" አልኩት። "መኪናዋ እንደላክሃት ናት፣ አንድ ጭረት የላትም በዪልኝ" አለ። "ጽፌዋለሁ" አልኩት። "እስቲ" ብሎ እጁን ዘረጋ። ልጄ፣ ብከለክለው ምን ልል ነው? ሰጠሁት። ወደ መስኮቱ ሄዶ ወደ ፊቱ አስጠግቶ ያዘው። አንተ አሁን የምታነበውን ሁሉ፣ ግድግዳውን፣ ጃንጥላውን፣ ሁሉን ይዞ ቆሞ ነበር። ዓይኖቹ ከመስመር መስመር ሲሄዱ አያለሁ። ከዚያ "ጥሩ ጽፈሻል። ሠላምታዬን አስገቢልኝ" አለና መለሰልኝ። ቁልፉን ከሚስማሩ ላይ ዳስሶ አነሣ፣ "በይ ተነሺ፣ ለመድኃኒት ቤቷ ልጅ ይዤሽ ልሂድና እናድርሰው፣ ድንቢጥም ትምጣ" አለኝ። አባትህ ሠላም ብሎሃል።

ሞተሩ ተነሥቷል። ድንቢጥን ከኋላ አስቀምጬ እኔ ከፊት ልቀመጥ። አምላክ ከወጣህበት በሰላም ያግባህ፣ ክፉ አይንካህ፣ ረጅም ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥህ የኔ ልጅ። ደውል። ሳታድር ደውል።

እናትህ