«ትራማር» ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ

ሰኞ፣ ከትምህርት ቤት መልስ

ወንድምዓለም፣

እንዴት ነህ? ተነስ፣ ምሥራች ይዤልሃለሁ! አባባ ወደ ሥራው ተመለሰ። ግን እልል ከማለትህ በፊት ጥፋቱ የማን እንደነበር ስማኝ።

አንተ ሆስፒታል ሳለህ፣ አባባ ከጫማ ፋብሪካው ፈቃድ ተከልክሎ አጠገብህ ሳይቀመጥ ቀረ። ከቀብርህ በኋላ ጓደኞቹ «ይህ በሌላ ሰው አይድረስ» ብለው በምሳ ሰዓት እየተመካከሩ ደብዳቤ ጻፉ። ለአስታማሚ ፈቃድ ይሰጥ ነው የሚለው። የፋብሪካው ባለቤት ከስፓኒሽ ሌላ ስለማታውቅ «ስፓኒሽ ከወንድሙ ተምሮ የለ!» ብለው እንድተረጉመው ለእኔ ሰጡኝ።

«ሦስት ሳምንት ስናቅድ ቆየን» የሚለው ላይ ስደርስ «ፕላኔአር» የሚለው የስፓኒሽ ቃል መጣልኝ። ናቅኩት። ፕላንማ ግንበኛው ሁሉ የሚለው ነው፤ ለፋብሪካ ባለቤት የሚመጥን ስፓኒሽ አልመሰለኝም። መዝገበ ቃላቱን ሳገላብጥ «ትራማር»ን አገኘሁ። አማረኝ፣ ጻፍኩት። በማግስቱ አባባ «የአድማው መሪ» ተብሎ ታገደ።

«ምን ብለህ ነው የጻፍከው?» አለኝ።

«ያላችሁኝን ነዋ!»

ስንተረጉም ሁሌ ወንበር ታቀያይረኝ ነበር፤ «አሁን ተቀባዩ አንተ ነህ፣ አንብበው» እያልክ። ያን ቀን ግን ወንበር አልቀየርኩም። ወንበርህ ላይ መቀመጥ አቃተኝ። እገዳው ሲመጣ ግን እንደምንም ተቀመጥኩና ባለቤትየዋን ሆኜ አነበብኩት። «ሦስት ሳምንት ስናሴር ቆየን» ይላል። ላብ አጠመቀኝ! ትራማር ተደብቆ ለሚጎነጉን ሰው የሚሆን ቃል ነው።

ለአባባ ነገርኩት። በጥፊ ያልሰኛል ብዬ ስጠብቅ «ጫማህን እሰር፣ እንሄዳለን» አለኝ።

ባለቤትየዋ ቢሮ ገባን። «ስህተቱ የእኔ ነው። የሚያሴር ሰው ስሙን ፈርሞ ይሰጥዎታል?» አልኳት በስፓኒሽ። ትክ ብላ አየችኝና ደብዳቤውንና እስክሪብቶዋን አቀበለችኝ። «ፕላኒፊካር» ልበል ብዬ አመነታሁ። እሱ ደግሞ የመሐንዲስ መርሐ ግብር ይመስላል። ትራማርን ሰርዤ ፕላኔአርን ጻፍኩ፤ ያንን የናቅኩትን!

«ማን አስተማረህ?» አለች።

«ወንድሜ።»

«እሱ ለምን አልመጣም?»

«አባቴ ፈቃድ የጠየቀው ለእሱ ነበር።»

 እገዳውን እዚያው አነሳች። ዓርብ ዕለት ደግሞ የአስታማሚ ፈቃድ ማስታወቂያ በፋብሪካው በር ላይ ተለጠፈልህ! ሠራተኞቹ ከበቡኝ። ማስቲሽ ቀቢው አናቴን ዳበስ አድርጎ «ሁለተኛ ደብዳቤ ስናስጽፍህ መዝገበ ቃላቱን ነው የምንደብቅብህ!» አለኝ። አባባ ሲስቅ አየሁት፤ ካንተ ወዲህ ገና መሳቁ ነው። «ያለበት ይመቸው በልልኝ» ብሎሃል።

ዛሬ ሳይነጋ ወደ ሥራ ወጣ። ቤት ውስጥ ብቻዬን ነቃሁ። ሬዲዮውን ለቀቅኩት፣ ጮክ አድርጌ። አንተ ትተኩስልኝ የነበረውን ዩኒፎርም ራሴ ተኮስኩ፤ አንዱን እጅጌ አሳረርኩት። ሁለቱንም ወደ ላይ ጠቀለልኩና በሩን ቆልፌ እያፏጨሁ ወጣሁ።

ታናሽህ